ከአልቃሽ እስከ ደራሲ

ስለ አገራችን የጽሕፈት ታሪክ የሚያትቱ ሊቃውንት የልብ ወለድን አመጣጥ ሲተርኩ ብዙውን ጊዜ ከ1900 ዓ.ም. ይጀምራሉ፤ ይኸውም አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ልብ ወለድ ታሪክ የተባለውን፥ ኋላም ጦቢያ ተብሎ የታወቀውን መጽሐፍ በሮማ ከተማ ያሳተሙበት ዓመት ነው። ስለ ማተሚያ ቤትና ስለ መጽሐፍ ቅርጽ የሚናገር ሰው ከዚህ ቢጀምር ማንም አይፈርድበትም። ነገር ግን የራሱን ወይም የሚያውቀውን ሰው ሕይወት ከፈጠራ ጋራ እያዋሐደ ስላጣው ነገር የሚያዝን ደራሲ በእኛ ዘንድ ከወዴት መጣ ተብሎ ቢጠየቅ፥ መልሱ የሚገኘው በየልቅሶው ሜዳ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፥ በሕዝብ መካከል ቆማ ሙሾ ታወርድ ከነበረችው አልቃሽ ዘንድ ነው ብዬ አምናለሁ። ይህችን ሴት ጸሐፊዎቻችን እንደ ዋዛ አልፈዋታል፤ ዜና መዋዕል የሚጽፈው ደብተራ የንጉሡን ውሎና አዳር ሲቈጥር ስሟን አላነሣም፥ የኋላው ዘመን ተማሪም ሥራዋን ከአሮጌ ልማድ ቈጥሮ ተወው።

ሰው በሞተ ጊዜ ፍትሐቱ የካህናት፥ መቃብር ቁፋሮው የጎረቤት፥ እዝኑ የዘመድ ድርሻ እንደ ሆነ ሁሉ፥ የሟቹን ዕድሜ በግጥም አሰናድቶ ለቆመው ሕዝብ ማቅረብ የአልቃሽ ድርሻ ነበር። አንዳንዷ ከሟች ወገን የምትወለድ ስትሆን፥ አንዳንዷ ሙያዋ በአገሩ ስለ ታወቀ ከሌላ ቀበሌ ተጠርታ የምትመጣ ናት፤ ለድካሟም እህል ወይም ልብስ፥ ወደ ኋላም ብር ይሰጣታል። በእንግድነት የመጣችቱ አልቃሽ አፏን ከመክፈቷ በፊት የሟቹን ቤተ ሰቦች ቀርባ ትጠይቃለች። የማን ልጅ፥ የማንስ የልጅ ልጅ ነው? በየትኛው ዘመቻ ዋለ? የፈረሱ ስም አባ ማን ይባላል? ከእርሱ በፊት ከቤቱ ማን ሞቶበታል? ሩቅ አገር የቀረ ወንድም ይኖረው ይሆን? ይህን ሁሉ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሰብስባ፥ ያልሰማችውን በግምት፥ የጎደለውንም ከቀደሙት ሙሾዎች በወረሰችው ሐረግ እየሞላች፥ ቤት እያስመታች ታወርደዋለች፤ ሕዝቡም ደረቱን እየደቃ ይቀበላታል። ሟቹ ባለ ማዕርግ የሆነ እንደ ሆነ ፈረሱ ተጭኖ፥ ጋሻውና ጦሩ፥ ጠመንጃውና ለምዱ በአደባባይ ወጥቶ፥ አሽከሮቹ እየፎከሩ ይታይ ነበርና፥ አልቃሽቱ እያንዳንዱን ዕቃ እያመለከተች ታሪክ ትሰጠዋለች፤ ጋሻው የት እንደ ተበሳ፥ ጠመንጃው ከማን እጅ እንደ ተማረከ ትናገራለች። የሕይወት ታሪክ ጸሐፊና የልብ ወለድ ደራሲ በዛሬው ልማድ በየክፍላቸው ተቀምጠው ለየብቻ የሚሠሩትን ሥራ አንዲት ፊደል ያልቈጠረች ሴት በአንድ ረፋድ፥ ያውም ቆማ፥ አዋሕዳ ትሠራው ነበር ማለት ነው።

ለዚህ ውሕደት ያልተጻፈ ሕግ ነበረው። ማብዛት የተፈቀደ ነው፤ ሁለት በሬ የነበረው ገበሬ ምድሩን ሁሉ ያረሰ፥ አንድ ጊዜ የዘመተ ሰው ጠላትን ብቻውን የመለሰ ቢባል ከቆሙት መካከል የሚቈጣ የለም። ነገር ግን ያልወለደውን አባት ብትሰጠው፥ ባልዋለበት ጦር ሜዳ ብታውለው፥ አብሮ አደጉ፥ አብሮ ዘማቹ፥ ባላጋራው ሳይቀር በልቅሶው ላይ ቆሞ ይሰማታልና ወዲያው ታፍራለች። መመስከርና መፍጠር በአንድ አፍ ሲወጡ ድንበራቸውን የሚጠብቀው ዳኛ፥ ሟቹን በዓይኑ ያየው ጉባኤ ነበር። ማብዛቱንም ሐሰት ነው ብሎ የሚከስስ ሰው ቢኖር ወደ መጽሐፍ ቅዱስ ይመለስ፤ ሳኦል ዳዊትን ከምድረ በዳ ወደ ምድረ በዳ ሲያሳድደው ኖሮ በጊልቦዓ ተራራ በወደቀ ጊዜ፥ ዳዊት ለእርሱና ለዮናታን ባወረደው ሙሾ ውስጥ ስለዚያ ሁሉ ማሳደድ አንዲት ቃል አልተናገረም። ዐፄ ቴዎድሮስም በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን መዝብረው ያቃጠሉ ንጉሥ ሲሆኑ፥ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ በገዛ እጃቸው ከሞቱ በኋላ በሕዝብ ዘንድ የተነገሩት የልቅሶ ግጥሞች አብዝተው የሚያነሡት ለጠላት እጅ አለመስጠታቸውን ነው። አለቃ ወልደ ማርያም በጻፉት ታሪክ የንጉሡ ጭካኔ ሳይሸሸግ ተቀምጧል፤ በሙሾው ውስጥ ግን ቦታ አላገኘም። ሁለቱም ስለ አንድ ሰው የተነገሩ ናቸው፥ ሁለቱንም ያልሰማ ሰው ቴዎድሮስን አወቅሁ ቢል አልቀበለውም።

ከዚህም ጋራ ሙሾ ውዳሴ ብቻ አልነበረም። አልቃሽ በሰምና በወርቅ እየሸፈነች፥ በሽተኛውን ሳይጠይቅ ቀርቶ በቀብሩ ዕለት በጩኸት የደረሰውን ዘመድ፥ ርስቱን የነጠቀውን ባለጋራ፥ የፈረደበትን ዳኛ ትወጋ ነበር፤ በኀዘን ቀን በተናገረችው ቃል የሚከስሳት አልነበረምና በሌላ ቀን ቢነገር ደም የሚያፋስሰው ነገር በልቅሶ ሜዳ ላይ ይነገራል። የተወጋውም ሰው ወርቁን እያወቀ ከሰሙ በታች ተደብቆ ከሌሎቹ ጋራ ያለቅሳል።

ቤተ ክርስቲያን ለዚህ ልማድ ሁለት ልብ ነበራት። በአንድ ወገን ካህናቱ ፊት መንጨትንና ደረት መድቃትን፥ ትንሣኤ ሙታንን ተስፋ ለሚያደርጉ ምእመናን አይገባም እያሉ የሐዋርያውን የጳውሎስን ትምህርት በመጥቀስ ይገሥጹ ነበር። በሌላ ወገን የሙሾ ሥልጣን ከመጻሕፍት የራቀ አለመሆኑን ሊክዱ አልቻሉም፤ ነቢዩ ኤርምያስ በኢየሩሳሌም ላይ ስለሚመጣው ጥፋት ሲናገር አልቃሾች ሴቶች ይጠሩ ዘንድ አዟልና። ከሁሉም ይልቅ በወርኃ ጽጌ በየደብሩ የሚቆመው ሰቆቃወ ድንግል ምስክር ይሁነን፤ ወንጌላዊው ማቴዎስ የእመቤታችንን የግብፅ ስደት በጥቂት ቃል አልፎታል፥ የግእዙ ባለ ቅኔ ግን ረኀቡን፥ ጥሙን፥ የመንገዱን ድካምና የሕፃኑን ልቅሶ እንደ ዓይን ምስክር ሆኖ በየስንኙ አስፍቶ አልቅሶታል። ማኅሌታዊው ሌሊቱን ሙሉ በጸናጽልና በመቋሚያ ሲያመሰግንበት ያደረው ግጥም፥ ጠዋት ከደጀ ሰላሙ ወጥቶ በመንደር የሚገሥጻት አልቃሽ ከምታወርደው የተለየ ጥበብ የለውም።

በ1910 ዓ.ም. ነፍስ ኄር ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የልቅሶ ዜማ ግጥም የተባለ መጽሐፍ አሳተሙ፤ ከርእሱም አያይዘው ምሥጢሩ ከመጻሕፍት ጋራ የተስማማ መሆኑን የሚገልጽ ቃል አኖሩበት። ይህ አነስተኛ የሚመስል ተግባር በጽሕፈታችን ታሪክ ውስጥ ትልቅ መለያያ ነው። ከዚያ በፊት ሙሾ ከአፍ ወጥቶ በጆሮ የሚቀር፥ የአንድ ሟች፥ የአንድ ቀን፥ የአንድ ቀበሌ ሀብት ሲሆን፥ ከዚያ በኋላ በወረቀት ላይ ታትሞ ለማንም ልቅሶ የሚስማማ ሆነ። የብላቴን ጌታ ሐሳብ መልካም እንደ ነበረ አልጠራጠርም፤ ሕዝቡ በኀዘኑ ሰዓት ሃይማኖቱን እንዳይስት ለመጠበቅ አስበዋል። ሆኖም ከመጻሕፍት ጋራ የሚስማማ ልቅሶ ለሁሉ የተቈረጠ ቀሚስ ነውና ለማንም ልክ አይሆንም፤ ምድራዊው ሙሾ የሚያለቅሰው ለአንድ ለታወቀ ሰው፥ ለእገሌ ልጅ ለእገሌ፥ እንዲህ ባለ ፈረስ ላይ ተቀምጦ እንዲህ ባለ ወንዝ ለተሻገረው ነበር።

እኚሁ ሊቅ በ1915 ዓ.ም. ደግሞ ሁለት መጻሕፍት አወጡ። አንደኛው የሕይወት ታሪክ ሲሆን፥ በኋላ ለሚነሡ ልጆች ማስታወሻ ይሆን ዘንድ የታወቁ ሰዎችን ትውልድ፥ ሹመትና ዕረፍት ባጭር ባጭሩ የሚናገር ነው፤ ሁለተኛው ወዳጄ ልቤ የሰውን ጠባይና ኑሮ በምሳሌ የሚገልጽ ነው። እንግዲህ አንባቢ ልብ ቢል፥ አልቃሽቱ በአንድ ትንፋሽ ታወጣቸው የነበሩትን ሦስቱን ነገሮች፥ ማለት ልቅሶውን፥ እውነተኛውን ታሪክና የፈጠራውን ምሳሌ፥ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ለሦስት መጻሕፍት አካፍለዋቸዋል። ዘመናዊ ትምህርት ይህን መለየት ይወድዳል፤ የአልቃሽቱ ጥበብ ግን በዚያ ቀን ተከፋፈለ፥ እንደገናም እስኪዋሐድ ድረስ ከአርባ ዓመት በላይ ፈጀ። ብላቴን ጌታም ራሳቸው በስደት ሳሉ በመስከረም 1931 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ዐረፉ፤ ለሌላው ሟች የልቅሶ ግጥም የጻፉ ሰው ልቅሶ ሜዳ በሌለበት አገር አለፉ።

ይህ መለየት በመጻሕፍት ውስጥ ሲካሄድ፥ በአገሩ ላይ ደግሞ ሙሾ ራሱ የሚከለከልበት ጊዜ እየበዛ ሄደ። ዐፄ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ መሳፍንቱና መኳንንቱ ሁከት እንዳይነሣ ብለው ሞታቸውን ሸሸጉት፤ አስከሬናቸውም ስለ መንግሥት ምክንያት በቤተ መንግሥት ውስጥ በምሥጢር ተቀመጠ፥ በአድዋ የተከተላቸውም ሕዝብ ጊዜው ሲደርስ በአደባባይ እንዳያለቅስላቸው ሆነ። በፋሺስት ዘመን ደግሞ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላ ግራዚያኒ በየገበያው የኢጣልያን መንግሥት መውደቅ ይተነብያሉ ብሎ ጠንቋዮችን፥ ተራኪዎችንና አዝማሪዎችን አስይዞ እንዲገደሉ አዘዘ፤ በግንቦትም የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በጅምላ ተፈጁ። እነዚያ ሁሉ በየጉድጓዱ ሲጣሉ ማን መቃብራቸውን ቆፈረ፥ ማንስ ትውልዳቸውን ጠየቀ? ከዚያ አርባ ዓመት ቈይቶ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር የተገደሉት ወጣቶች እናቶች ድምፅ አውጥተው እንዳያለቅሱ ተከለከሉ፤ አንዳንዱም ወላጅ የልጁን ሬሳ ለመውሰድ የጥይቱን ዋጋ ይክፈል ተባለ። ኀዘን በአደባባይ መውጣት ሲያቅተው ወደ ሌላ ስፍራ መፍለሱ አይቀርም፤ በእኛ አገር የፈለሰው ወደ መጽሐፍ ነው ብል ብዙ ያጋነንሁ አይመስለኝም።

ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በጎጃም ከካህን ቤት ተወልደው፥ በየደብሩ ቅኔ ተቀኝተው ያደጉ፥ በሽሬ ግንባር ከራስ እምሩ ጋራ ተዋግተው ተማርከው በኢጣልያ በፖንዛና በሊፓሪ ደሴቶች የታሰሩ ሰው ናቸው። በ1958 ዓ.ም. ፍቅር እስከ መቃብርን ሲያሳትሙ ስለ ጦርነቱም ሆነ ስለ እስራቱ አልጻፉም፤ የጻፉት ስለ ጠፋው የልጅነት ዘመናቸው ጎጃም ነው። በዛብህ ዲማ ጊዮርጊስ ገብቶ ቅኔ ሲማር፥ ከቆሎ ተማሪነት ወደ መምህርነት ሲያድግ፥ ደራሲው ራሳቸው የሄዱበትን መንገድ ይሄዳል፤ ሰብለ ወንጌልና ጉዱ ካሣ በልብ የተፈጠሩ ሲሆኑ፥ የቆሙባት መሬት፥ የሚበሉበት ገበታ፥ የሚዋረዱበት ሥርዓት ግን እውነተኛ ነው። ይህ የአልቃሽቱ ሕግ ነው፤ ሰውየውን አብዛው፥ አገሩን አትሳት። በኋላ ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ሲያነብበው የሰማ ሕዝብ በመላ አገሩ ለበዛብህና ለሰብለ አለቀሰ፤ በኔ ግምት ከዚያ ብዙው የሚያለቅሰው ለራሱ ሟች ነበር፥ በልቅሶ ሜዳም ከድሮ ጀምሮ የሚደረገው ይኸው ነው። ትዝታ የተባለውን፥ እንደ ስሙ ያሳለፉትን የሚናገረውን መጽሐፍ ያሳተሙት በ1985 ዓ.ም. ነው፤ ፈጠራውን አስቀድመው ምስክርነቱን ሃያ ሰባት ዓመት አቈዩት። ሁለቱን ያነበበ ሰው የትኛው ይበልጥ እውነት እንደ ሆነ ቢጠየቅ መልስ ለመስጠት ይቸገራል፤ እኔ ግን ልቦለዱን እመርጣለሁ።

በዚያው ዘመን በ1959 ዓ.ም. መንግሥቱ ለማ መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ ኃይሉን አወጡ። አባት በቃል የተናገሩትን ልጅ በንግግሩ ወዝ ሳይለውጥ ስለ ጻፈው፥ የአንድ የቤተ ክህነት ሊቅ ሣቅና ቁጣ፥ የጉባኤ ቤቱም ሥርዓት እስከ ዛሬ ይሰማናል። ሌላ ጸሐፊ ቢሆን የአባቱን ቃል በመጽሐፍ አማርኛ ባቃናው፥ ባቃናውም ባጠፋው ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ግን የአልቃሽነትን ሥልጣንና አደጋውን አብሮ የተሸከሙት በዓሉ ግርማ ናቸው። አስቀድሞም ደራሲው በተባለው ልቦለዳቸው ውስጥ የገጸ ባሕርዩ የሲራክ አምሳል የዘመናቸው ደራሲ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር መሆኑን ብዙ ሰው ይናገራል፤ ከሚያውቁት ሰው ሕይወት ቈርሰው ከፈጠራ ጋራ ማዋሐድ ለእሳቸው አዲስ ነገር አልነበረም። በ1974 ዓ.ም. የቀይ ኮከብ ሁለገብ አብዮታዊ ዘመቻ በታወጀ ጊዜ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ባለ ሥልጣን ሆነው አስመራ ወርደው ዘመቻውን በቅርብ አዩ፤ በ1975 ዓ.ም. ደግሞ ኦሮማይን አሳተሙ። ባለ ታሪኩ ፀጋዬ ኃይለ ማርያም እንደ ደራሲው የዜና ሰው ሆኖ ለቅስቀሳ ወደ አስመራ ይላካል፤ ፊያሜታን ይወድዳል፤ በናቅፋ ተራሮች ስር የሚያልቀውን ወጣት ያያል። መጽሐፉ ልብ ወለድ ተብሎ ቢታተምም፥ ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንባቢዎች ይህ ባለ ሥልጣን እገሌ ነው፥ ያ ጄኔራል እገሌ ነው እየተባባሉ እንደ ልቅሶ ጉባኤ ዳኝነት ተቀመጡበት። መንግሥትም ሰሙን ትቶ ወርቁን ስላየ መጽሐፉን ከገበያ ሰበሰበው፤ ደራሲውም ከሥራቸው ተነሡ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. በዓሉ ከቤታቸው ወጥተው አልተመለሱም፤ መኪናቸው በደብረ ዘይት መንገድ በቃሊቲ አካባቢ ቆማ ተገኘች። አልቃሽን በልቅሶ ቀን የማይከስሳት ልማድ ለደራሲው አልደረሰለትም፤ ይህም በአገራችን የቃል ነጻነት ከአንዲት የገጠር ሴት ወደ አንድ የከተማ ሊቅ ሲተላለፍ ምን ያህል እንደ ጠበበ ያሳያል።

እዚህ ላይ ሳላነሣው የማላልፈው ነገር አለ። ሙሾ ከጥንት ጀምሮ በአብዛኛው የሴቶች ጥበብ ነበር፤ ወደ ማተሚያ ቤት በተሻገረ ጊዜ ግን እስካሁን የጠራኋቸው ጸሐፊዎች ሁሉ ወንዶች ናቸው። ድርሻውን የመለሱልን፥ በአዲስ አበባ ተወልደው በልጅነታቸው አገር ለቀው ወጥተው ኑሯቸውን በአሜሪካ ያደረጉት መዓዛ መንግሥቴ ናቸው ማለት ይቻላል። በ2019 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በእንግሊዝኛ የታተመው ዘ ሻዶው ኪንግ የተባለው ልቦለዳቸው በጣልያን ወረራ ጊዜ ስለ ዘመቱ ሴቶች ይናገራል፤ ደራሲዋም ቅድመ አያታቸው ከዘማቾቹ አንዷ እንደ ነበሩ መጽሐፉን ሲጽፉ ከእናታቸው መስማታቸውን በየቃለ ምልልሱ ተናግረዋል። በትረካው መካከል እየገባ የሚቀበልና የሚያዝን የሕብረት ድምፅ አኑረውበታል። ተቺዎች ይህን ከግሪክ ድራማ ጋራ ያነጻጽሩታል፤ የእኛ ሰው ግን ሲያነብበው የልቅሶ ሜዳ ተቀባይ ትዝ ይለዋል።

በከተማው ዛሬ እድሩ ድንኳኑን ይተክላል፥ ንፍሮውን ይቀቅላል፥ የመጣውን ሰው በወንበር ያስቀምጣል፤ የሕይወት ታሪኩም ሁለት ገጽ ሆኖ ተጽፎ ከቀብሩ በፊት ይነበባል፥ ሁሉም መልካም ነበር፥ ሁሉም ሰው አክባሪ ነበር ይላል፤ ሙሾ የሚያወርድ ግን እምብዛም አይገኝም። በገጠር ያሉት የሚያውቁ እናቶችም ዕድሜያቸው ገፍቷል። ስለዚህ አንባቢዬ ሆይ፥ ከቤተ ዘመድህ መካከል ሙሾ የምታውቅ ሴት ካለች ሳትሞት ቀርበህ ጻፍላት፤ በምትጽፍበትም ጊዜ ግጥሙን ብቻ አትውሰድ፥ ለማን እንደ ተለቀሰ፥ በየት ቀበሌ፥ በስንት ዓመተ ምሕረት፥ አልቃሽቱም ማን እንደ ነበረች አስፍር፤ ከስንኙም መካከል የትኛው የሆነ፥ የትኛው የተጨመረ እንደ ሆነ እሷን ራሷን ጠይቅ፥ የምትሰጥህንም መልስ እንዳለ ጻፈው።